የእናቴ ጉልበት አልታጠፍ አለ፤ ምን ላድርግ?

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተተካ አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ተደርጎ፣ በአውሮፕላን እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያም በመኪና ሐረር ገባን። ስለ መንገዱ ስንጨነቅ ስለ ቤቱ አላሰብንም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቤታችን ጀጎል ውስጥ ነው። መኪና እስከ በሩ አይደርስም፤ ጠባቡ የድንጋይ ቁልቁለት ደግሞ ለምርኩዝ አይመችም። መጸዳጃው ቁጢጥ የሚባልበት ስለሆነ ወንበር አስበስቼ አስቀመጥኩላት። ይህ እንኳን ተሳክቷል።

ያስቸገረኝ መታጠፉ ነው። ሐኪሙ በስድስተኛው ሳምንት ቢያንስ 90 ዲግሪ መድረስ አለበት ብሎን ነበር፤ እኛ 70 አካባቢ ቆመናል። ጎረቤቶች ሊጠይቋት ሲመጡ ከጉልበቷ ሥር ትራስ ያደርጉላታል። እግሩ ቀጥ ብሎ መዘርጋት እንዳያቅተው ብዬ አወጣዋለሁ፤ ዞር ስል ይመልሱታል። ወጌሻ እናምጣ ያሉም አሉ፤ እሱንስ ፈጽሞ አልቀበልም። ትኩሳት የላትም፣ ባቷ አላበጠም፣ ቁስሉም ደርቋል።

ማስታገሻውን ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ቀድማ ብትወስድ ይረዳት ይሆን? እያለቀሰች ልግፋባት ወይስ ልተዋት? ሐረር ወይም ድሬዳዋ ቤት ድረስ የሚመጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።