ፎርስ ፑሽ ተደርጎ የጓደኛችን ኮድ ጠፋ፤ እባካችሁ ቶሎ!

ንጋት፦ አስቸኳይ ነው። አንዱ ልጅ በጊት (የኮድ ለውጥ መዝግቦ በሚይዘው ፕሮግራም) ሜይን ላይ፣ ማለትም በምንጋራው ዋናው የኮድ መስመር ላይ፣ ፎርስ ፑሽ አድርጎ (ሰርቨሩ ላይ ያለውን በግድ በራሱ ተክቶ) ሌላኛው የሠራው የክፍያ ገጽ በሙሉ ጠፍቷል። ነገ ጠዋት ለደንበኛው እናሳያለን። ሦስት ነን፣ አለቃ የለንም፣ ተግባብተን ስለምንሠራ ደንብ አላስፈለገንም። ሰርቨሩ ላይ የለም፤ እንዴት ይመለሳል?

ሴሚኮለን፦ ሪፍሎግ፣ ጊት በየማሽኑ የሚይዘው የእርምጃ መዝገብ።

አንጋፋው፦ ልጄ፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ለሊኑክስ ከርነል ነው፤ በየአገሩ ተበታትነው አንድ ኮድ ለሚሠሩ ሰዎች። እያንዳንዱ ሰው ሙሉውን ታሪክ በራሱ ማሽን ይይዛል። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ የለም ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ኮዱን የጻፈው ልጅ ኮምፒውተር ላይስ ምን አለ? እሱን አልነገርሽንም።

ንጋት፦ ፑል ሲያደርግ (የሰርቨሩን አውርዶ ከራሱ ጋር ሲያዋህድ) ግጭት መጣበትና ሪሴት ሃርድ አደረገ፤ የራሱን ጥሎ ሰርቨሩ ላይ ወዳለው ተመለሰ። አሁን ፎልደሩን ሰርዞ እንደ አዲስ ክሎን ሊያደርግ (ሙሉ ቅጂውን ከሰርቨሩ ሊያወርድ) ነው።

ቅንፍ፦ ኧረ እጁን ያዙት! ሪፍሎግ በክሎን አይመጣም፤ ያለው እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። ጊት ሪፍሎግ ብሎ ከሪሴቱ በፊት ያለውን የራሱን ኮሚት (ጊት ውስጥ የተመዘገበ ሥራ) ይፈልግ፤ ከዚያ በኮሚቱ ቁጥር ጊት ብራንች ብሎ አዲስ ብራንች (ከሜይን የተለየ የኮድ መስመር) ይክፈት። ጊት እንዲህ ያለውን ካልነካኩት 30 ቀን ያቆየዋል። ኮሚት ያልተደረገውን ግን ሪሴት ሃርዱ ወስዶታል፤ ኤዲተሩ የፋይል ታሪክ የሚይዝ ከሆነ እዚያ ይፈልግ።

ሴሚኮለን፦ ሪፍሎግ አልኩ እኮ።

ሌሊት_ኮደር፦ እህቴ፣ "ደንብ አላስፈለገንም" ባልሽው አልስማማም። ሜይን ላይ ፎርስ ፑሽን መከልከል ጓደኛን አለማመን አይደለም። የግድ ከሆነ ፎርስ ዊዝ ሊዝ ተጠቀሙ፤ እናንተ ሳታዩ ሌላ ሰው ፑሽ አድርጎ ከሆነ እምቢ ይላል። ኤዲተራችሁ ከጀርባ ፌች የሚያደርግ (የሰርቨሩን ለውጥ ሳያዋህድ የሚያወርድ) ከሆነ ግን በእሱም አትተማመኑ።

ንጋት፦ እኛ ጋ ማንም ፈቃድ ሳይጠብቅ የሌላውን ስህተት ያስተካክላል። ፈጥነን እዚህ የደረስነው በዚህ ነው፤ ደንብ ሲበዛ መተጋገዙ እንዳይቀር ነው።

ሌሊት_ኮደር፦ እሱንማ አትተዉት! የምለው የኮሚት ታሪክ የሚቀይር ሰው ቀድሞ ግሩፑ ላይ "ፑሽ ያደረገ አለ?" ብሎ ይጠይቅ፣ መልስም ይጠብቅ ነው።

ቅንፍ፦ ሦስተኛው ሰውስ? ፌች ሲያደርግ "ፎርስድ አፕዴት" የሚል መስመር ከመጣለት፣ በስተግራ ያለው ቁጥር የድሮው ሜይን ኮሚት ቁጥር ነው።

ንጋት፦ ብራንቹ ተከፈተ፣ ፋይሎቹ አሉ! ተባረኩ። አሁን ሜይን ላይ መርጅ ስናደርግ (ስናዋህደው) ግን ብዙ ፋይል ተጋጨ።

አንጋፋው፦ ሁለቱ ልጆች አንድ ስክሪን ላይ ሆነው ይፍቱት። አንዱ ብቻውን ከፈታው የሌላው መስመር ለምን እንደተጻፈ ሳያውቅ ይሰርዘዋል።

ሴሚኮለን፦ ንጋት፣ ለደንበኛው ደረሰላችሁ?