«ጩኸት ያልቻለ ገጠር ይግባ» ለተባልነው የደብረ ብርሃን ነዋሪዎች

የጠባሴ ልጅ፦ ትናንት በቀበሌው ስብሰባ ሰው ስለ ብረታ ብረት ቤቱ ጩኸት አቤት ሲል፣ ባለቤቱ ተነስቶ «ጩኸት ያልቻለ ገጠር ይግባ» አለ። ሌሊት 6 ሰዓት ግራይንደር ላሜራ ሲቆርጥ ሕፃን አቅፎ የሚያድር ሰው ነው ገጠር የሚገባው? ደሜ ነው የፈላው።

በያጁ፦ የእኛንም እዩልን እንጂ። ቀን መብራት ይጠፋል፣ የሚመጣው ማታ ነው። ቀብድ ተቀብለናል፤ በሩ በቀኑ ካልደረሰ ደንበኛው ብሩን ይጠይቃል። እኛም ልጆች አሉን።

የአራስ እህት፦ መብራቱን ያጠፋነው እኛ አይደለንም። «ገጠር ይግባ» ያለው ግን እሱ ነው።

ሕግ አንባቢ፦ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለንብረት በጭስ፣ በመጥፎ ጠረን፣ በድምፅ ጎረቤቱን ከልክ በላይ እንዳያውክ ይከለክላል። የአካባቢ ጥበቃ መመሪያውም ለመኖሪያ ሰፈር የሚፈቅደው ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው። ግራይንደር አጠገቡ ሲለካ ከ90 ያልፋል።

በያጁ፦ መለኪያውን ማን ይዞ መጥቶ ያውቃል? ግሮሰሪው እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ ሲያስጮህስ የት ነበራችሁ? ሕግ የሚጠቀሰው ሠርቶ አዳሪ ላይ ብቻ ነው።

የጠባሴ ልጅ፦ በግሮሰሪውም አመልክተናል፣ ፊርማ ሲሰበሰብ አልፈረምክም። ደግሞ እናት አባቴ መንዝ ናቸው፤ ገጠር ሰው የሚባረርበት ቦታ አይደለም።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚሁ ሙያ ነው። ሰው የሚያውከው ብየዳው ሳይሆን ቆረጣውና መዶሻው ነው። ማታ መብራት ሲመጣ በይዱ፣ ቀለም ቀቡ፤ ቆረጣውን ለቀን አሳድሩት። ቀን መብራት ከሌለ ቀጭኑን ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነውን ብረት) በእጅ መጋዝ ቁረጡ። ብረታ ብረት ቤታችሁም ዙሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ድምፅ አያግድም።

በያጁ፦ ጋሼ፣ የአንድ በር ቱቦላሬ በእጅ መጋዝ ስቆርጥ ቀኑ ይመሻል። ላሜራውንስ በምን እቆርጠዋለሁ?

የአራስ እህት፦ ቀኑ ይምሽ! እኛ ሳንተኛ ነው የሚነጋው።

ነባር፦ ብረታ ብረት ቤቱ እኮ ከብዙዎቻችሁ ቤት በፊት ነበር። አይታችሁ ነው የሠራችሁት።

የጠባሴ ልጅ፦ ያኔ ሌሊት ይሠራ ነበር? እሱን መልስልኝ።

በያጁ፦ ወንድሜ፣ ያቺ ቃል በንዴት ነው የወጣችው።

የጠባሴ ልጅ፦ እንግዲያው በተናገረበት ስብሰባ ፊት ቆሞ ያንሳት። እስከዚያ ፊርማው ይቀጥላል።

በያጁ፦ እኛም ፊርማ እናሰባስባለን።