ያገለገለች ሲጋል ልገዛ ነው፤ ባትሪው ደህና መሆኑን ጎንደር ላይ በምን ላረጋግጥ?

የማራኪው

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምኖረው ማራኪ ነው፣ ሥራዬ አዘዞ። የነዳጅ ሰልፍ አንገፍግፎኝ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ቆርጫለሁ፤ አዲሷን ግን አቅሜ አይችላትም። አንድ ደላላ የ2023 ሞዴል ቢዋይዲ ሲጋል አሳይቶኛል፣ የቻይናዋን ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና። ትልቁ ባትሪ ያላት ናት፣ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት የሚባለው። ዳሽቦርዱ 41 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች ይላል። ባለቤቱ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ አስነሳልኝ፤ ስክሪኑ 405 ኪሎ ሜትር አሳየ። «ይኸው፣ ባትሪው እንደ አዲስ ነው፣ በዐይንህ እየው» አለኝ።

እኔ ግን ልቤ አልረጋም። ስልክ እንኳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ባትሪው ይደክማል፤ ይሄኛው እንዴት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀንስ ቀረ? በየወሩ ባሕር ዳር እናቴ ጋ እሄዳለሁ፣ አልፎ አልፎ ደባርቅም እወጣለሁ። ልጆች ይዤ ነው የምሄደው፣ መንገድ ላይ መቅረት አልፈልግም። እዚህ የባትሪ ምርመራ የሚሠራ ጋራዥ ጠይቄ አላገኘሁም። ያጠራቀምኩትን በሙሉ ነው የማወጣው። ምን ልይ? ምን ልጠይቅ?

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ቀበሌ 18

ወንድሜ፣ መጠራጠርህ ልክ ነው። 405 የፋብሪካ ቁጥር ነው፣ ቻይና ውስጥ በፈተና የተመዘገበላት። ቢዋይዲ በተለመደው አቀማመጡ ይህንኑ ቁጥር በቻርጁ መቶኛ አባዝቶ ነው ስክሪን ላይ የሚያወጣው። ሙሉ ከሆነች 405፣ ግማሽ ከሆነች 202። ባትሪው ቢደክምም ባይደክምም ያው ነው። ሰውየው ዋሽቶህ ላይሆን ይችላል፣ እሱም እንዳንተ ቁጥሩን አምኖ ይሆናል።

ጋራዥ ባይኖርም ቤትህ ውስጥ የማይዋሽ መሣሪያ አለ፤ የመብራት ቆጣሪህ። እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ 100 እስክትሞላ ቻርጅ ትደረግ፣ ሞላሁ ካለችም በኋላ ቻርጀሩ ራሱ እስኪያቆም አትንቀላት። የሲጋል ባትሪ ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነቱ ቮልቴጅ መሃል ላይ ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ባትሪውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር በየጊዜው እስከ ጥግ ካልተሞላ መቶኛውን ይስታል። ስክሪኑ «40 በመቶ» ሲልህ በእውነት ስንት እንደሆነ በደንብ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ውጣና ንዳት፣ ቢያንስ ግማሹን ጨርስ። መቶኛዋን ጻፍ። ቤት ግባ፣ ሌላውን ብሬከር በሙሉ አጥፋ፣ የቆጣሪውን ቁጥር በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ሰካት። ስትሞላ ደግመህ አንሳ።

ቆጣሪው ካነበበው ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንስ፤ እሱ ከቆጣሪው ባትሪው ጋ እስኪደርስ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ነው። በትንሹ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ስትሞላ ብክነቱ ይጨምራል እንጂ አያንስም። የቀረው ባትሪው ውስጥ የገባው ነው። ያንን አዲስ ብትሆን መግባት ከነበረበት ጋር አካፍል። ለምሳሌ ከ40 ወደ 100 ከሞላህ 60 በመቶ ነው፣ አዲስ ብትሆን 23.3 ኪሎዋት ሰዓት ይገባ ነበር። ከ21 በላይ ከገባ እኔ እገዛታለሁ። 18 ከሆነ ግን እግርህን ሰብስብ።

አደራ፣ በተራ ሶኬት አትሰካ። ሌሊቱን ሙሉ 10 አምፔር ሲስብ ቀጭን ሽቦ ይግላል። የእንጀራ ምጣድ መስመርህ ወፍራም ነው፣ እሱ ላይ ስካት። ምጣዱና መኪናዋ ግን አብረው አይሰኩም።

የአዘዞዋ እናት

የኔ ወንድም፣ እኔ የደረሰብኝን ስማ። አምና ነው የገዛሁት፣ ሌላ ሞዴል ነው፣ ትልቅ። የሻጩን ስም አላነሳም። ስክሪኑን አየሁ፣ ቀለሙን አየሁ፣ ወንበሩን አየሁ። ከሥር ግን ማን ያያል? ባትሪው ያለው እኮ ከሥር ነው፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ተዘርግቶ። ከሦስት ወር በኋላ ክረምቱ ሲገባ ቢጫ መብራት በራ፣ መኪናዋም እንደ ኤሊ ሆነች። ጋራዥ ወስደን በክሪክ ስትነሳ የባትሪው ሽፋን በድንጋይ ተመትቶ ጎድጉዷል፣ ከዳሩም ተሰንጥቆ ውሃ አስገብቷል። ቀለም ተቀብቶበት ነበር። ቀለሙ ከዙሪያው ይለያል፣ አሁን ሳየው በግልጽ ይታየኛል። ያን ቀን ግን አጎንብሼ አላየሁም። ለጥገናው አዲስ አበባ በጭነት ነው የሄደችው፣ የወጣውን ገንዘብ ባልነግርህ ይሻላል።

እና ምንም ከማድረግህ በፊት ፎሳ፣ ማለትም መኪና ከሥር የሚታይበት ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ግባ። የእጅ ባትሪ አብራ፣ ከሥር ከዳር እስከ ዳር እይ። ጭረት ችግር የለውም፣ የኛ ፒስታ ማንንም ይጭራል። የጎደጎደ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ብሎኑ የተፈታ የሚመስል ካለ ግን ተወው። ምንጣፉንም አንሳና አሽትት፣ ውሃ ውስጥ ገብታ ከሆነ ሽታው አይለቅም።

ሌላ፣ ቻርጀሩ አብሮ መኖሩን ጠይቅ። የኔው ሻጭ «ነገ አመጣልሻለሁ» ብሎ ቀረ።

የኦቢዲ ልጅ

ቆጣሪው ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉ ሥዕሉን አይሰጥህም። ከመሪው ሥር የምትሰካ ትንሽ የኦቢዲ መሣሪያ አለች፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር አንብባ በብሉቱዝ ስልክህ ላይ የምታሳይ። እዚህ የሚያውቅ ሰው ካጣህ ከአዲስ አበባ ማስላክ ትችላለህ። ሁለት ነገር እይባት። አንደኛው የባትሪው ጤንነት መቶኛ ነው። ሁለተኛውና ለኔ ዋናው በሴሎቹ መካከል ያለው የቮልት ልዩነት ነው። ባትሪ ማለት የተደረደሩ ሴሎች ናቸው፣ አንዱ ከደከመ ሌላው ቢበረታም ጥቅም የለውም፤ ደካማው ሲያልቅ መኪናዋ ትቆማለች። ቆማ ስታያት ልዩነቱ ከ0.03 ቮልት በታች ከሆነ ጤነኛ ናት። ወደ 0.1 ከተጠጋ ችግር አለ። ኤልኤፍፒ ስለሆነች ግን 60 በመቶ ላይ ሆና አትለካት፣ እዚያ ላይ ሁሉም ሴል እኩል ይመስላል። ከ20 በታች ስትወርድ ነው ደካማው የሚጋለጠው።

መቶኛውን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ኒሳን ሊፍ በምትባለው የኤሌክትሪክ መኪና ላይ በደንብ የታወቀ ማታለያ አለ፤ ኮምፒውተሩን ሪሴት ያደርጉትና የባትሪውን ጤንነት የሚያሳዩት 12ቱም መስመሮች ሞልተው ይታያሉ፣ ገዢው ትንሽ ከነዳ በኋላ ተመልሶ ወደ እውነቱ ይወርዳል። የቀድሞዋ ሊፍ ደግሞ ባትሪዋን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ስለሌላት እንደ መተማ ያለ ሙቀት ውስጥ የሠራች ከሆነች ቶሎ ታረጃለች። በዚህ በኩል የጎንደር አየር ለባትሪ ምቹ ነው። መኪናዋ የት ስትሠራ እንደቆየች መጠየቅ ነውር አይደለም።

የባሕር ዳር መንገድ

እኔ ራሴ ሲጋል ነው የምነዳው፣ ትልቁ ባትሪ። 405 የሚባለውን እርሳው። በዝግታ ከተማ ውስጥ 330 ታገኛለህ፣ አስፋልት ላይ አራት ሰው ጭነህ በ80 ስትሄድ 300 ገደማ፣ 100 ከነካህ ደግሞ ከዚያም ብዙ ይወርዳል።

ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሄዱ አያሳስብህም። ልብ በል ግን፣ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ጎንደር ከ2,100 በላይ። መመለሻው ይበላል። እኔ በልምድ የያዝኩት ስሌት አለ፤ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት ሲጋል ሰው ይዛ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ትጨምራለች። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ከፍታው ከ2,800 ይበልጣል፤ ለዳገቱ ብቻ ከባትሪህ 9 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ይሄዳል። ስትመለስ ከፊሉን ቁልቁለቱ ይመልስልሃል፣ ስትወርድ ሞተሩ መኪናዋን እየያዘ ባትሪውን ይሞላልና። ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ቁልቁለት ከጀመርክ ግን ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ ፍሬኑ ብቻ ነው የሚይዝህ። ኮረብታው ላይ፣ ጎሃ ሆቴል አካባቢ የምትኖሩ ይህን አስቡበት፣ 90 ላይ ንቀሉ።

እኔ ከ20 በመቶ በታች ይዤ የትም አልገባም። የደረስክበት መብራት ቢጠፋስ? በትንሹ ቻርጀር ደግሞ ሌሊቱ ሙሉ አይበቃም። ፈጣን ቻርጅ የሚሰካበትንም ቀዳዳ አስሞክር፤ ሲጋል ሁለት መሰኪያ ነው ያላት፣ ብዙ ሰው ዝግተኛውን ብቻ ሞክሮ ይገዛል።

የማራኪው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የነገራችሁኝን በሙሉ አድርጌ ነው የመጣሁት።

ባለቤቱ መጀመሪያ ቅር አለው፣ በኋላ «እኔም ልወቀው» ብሎ አብሮኝ መጣ። ከ100 ተነስተን አዲስ ዘመን ደርሰን ተመለስን፣ 188 ኪሎ ሜትር፣ አራት ሰው ሆነን። ስንገባ 41 በመቶ ቀርቷል። ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት በምጣዱ መስመር ሞላች፣ ባለቤቴ ምጣዷን ለአንድ ቀን ተወችልኝ። ቆጣሪው 24.5 ኪሎዋት ሰዓት አነበበ። 12 በመቶ ስቀንስ 21.6 ይመጣል። አዲስ ብትሆን 22.9 ነበር፣ ስለዚህ 94 በመቶ። ብክነቱን 10ም 15ም ብዬ ሞከርኩት፣ ከ91 እስከ 96 ባለው መሃል ነው።

ፎሳ ላይ አንድ ጎድጓዳ ነገር አየን፣ ደነገጥኩ። ባትሪው ላይ ሳይሆን ከፊት ያለው የፕላስቲክ መከላከያ ላይ ሆኖ ተገኘ። በሱ ትንሽ አስቀነስኩ። ኦቢዲ ያለው ሰው ገና እየፈለግሁ ነው፣ ካላገኘሁም በዚህ እገባለሁ።

ፈጣኑን መሰኪያ ያልሞከርኩት ጎንደር ውስጥ የምሞክርበት አጥቼ ነው። ውሉ ላይ ግን «ፈጣኑ መሰኪያ ካልሠራ ሻጭ ያሠራል» የሚል አስገብተናል። ቻርጀሩም ከሊብሬው ጋር በስም ተጽፏል። መኪናዋ ከሻጩ ስልክ መተግበሪያ ላይ እንድትወጣ ዛሬ ማታ አብረን እንቀመጣለን፣ ሐሙስ እንፈራረማለን።

የአዘዞዋ እናት

ከመፈረምህ በፊት ቻርጀሩን በእጅህ ያዝ።