ጎልድ ዊንግ ሦስት ጎማ ከሆነ በኋላ መሪው ለምን ይከብዳል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። 2008 ጂኤል 1800 (የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ሞተር ሳይክል) ላይ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍል) እና ሁለት የመኪና ጎማ ከኋላ ተገጥሟል። ቀጥታ መንገድ ላይ ሸጋ ነው፤ ኩርባ ላይ ግን መሪው ክንድ ይጨርሳል። የፊት ሹካው አልተነካም። ምን ይቀየር?

ባለሻፍት፦ ችግሩ ከፊት ነው። የመሪው ዘንግ መስመር ወደታች ቢዘረጋ መሬት ከሚነካበት ነጥብ እስከ ጎማው ማረፊያ ድረስ በዚህ ሞተር 109 ሚሊሜትር ገደማ አለ። ባለሁለት ጎማ ስለሚያዘነብል ይስማማዋል፤ ሦስት ጎማ ስለማያዘነብል ያው ርቀት ክንድህን ይታገላል። ሹካውን የሚይዙትን የላይና የታች ማቀፊያዎች 4.5 ወይም 6 ዲግሪ በተጨመረባቸው ቀይር። ሹካው ብቻ ወደፊት ሲጋደል ርቀቱ ያጥራል። የፍሬሙን አንገት (መሪው የሚሰካበትን) ቆርጦ ማጋደል ግን አደራ፣ እንዳታስበው! ርቀቱን ጭራሽ ያስረዝመዋል፤ ፍሬሙም አልሙኒየም ስለሆነ ብየዳው ቀላል አይደለም።

ፍሬን፦ ትክክል። አንድ ልጨምር፦ ርቀቱ ካጠረ በኋላ በዝግታ ስትሄድ መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። መጀመሪያ የአንገቱን ኩሽኔታ ጥብቀትና የፊት ጎማውን ንፋስ እይ፤ ካልተወው የመሪ ማርገቢያ ሾክ ግጠም። ከኋላ ሁለት ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫን) ካለ ደግሞ የድሮው የፍሬን ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይት የሚገፋው) የሚሰጠው ዘይት አይበቃው ይሆናል፣ ፔዳሉ ወደታች ይሰምጣል። ሰፋ ያለ ፒስተን ያለው ይፈልጋል። የእጅ ፍሬንም አትርሳ።

ጠያቂ፦ የኋላ ጎማ ንፋስስ?

ባለሻፍት፦ እንደ መኪና አትሙላው። ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ይነጥራል፣ ጎማውም መሀል ለመሀል ይበላል።