ስለ 12ኛ ክፍል የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች እውነቱን ምን ያህል ያሳያሉ?

ጥያቄ፦ አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ

እንደምን ሰነበታችሁ? ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። እኔ 12ኛን የጨረስኩት ጎንደር ነው፤ በእኛ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ከማትሪክ ሌላ የምናስበው ነገር ስላልነበረ፣ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ልጅ በዚያ ዓመት ምን ምን እንደሚያሳልፍ ከውስጥ አላውቀውም። ልጄን ስጠይቃት «ደኅና ነው» ብላ ታልፈኛለች፤ እኔም ሁለት ሥራ ስለምሠራ ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ሰዓት ትንሽ ነው። ከፊልም እማር እንደሆነ ብዬ ባለፈው ወር ሁለት ዘጋቢ ፊልሞችን ተመለከትኩ።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የናኔት በርስቲን «አሜሪካን ቲን» ሲሆን፣ ኢንዲያና ውስጥ ዋርሶ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚማሩ ልጆችን የመጨረሻ ዓመት ይከታተላል። ሁለተኛው ከቺካጎ ድሃ ሰፈሮች የወጡ ሁለት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ከሁለተኛ ደረጃ መግቢያ እስከ ኮሌጅ ደጃፍ የሚያደርሰው፣ በ1994 የወጣው «ሁፕ ድሪምስ» ነው። ሁለተኛውን ሳይ አልቅሻለሁ። የመጀመሪያውን ስመለከት ግን ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አንዲት ተማሪ በሌሊት ሄዳ የክፍል ጓደኛዋን ቤት መስኮት በስድብ ስታበላሽ የሚታይበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ «አባዬ፣ ካሜራ የያዘው ሰው አብሯት ነበር ማለት አይደል? እሱ ባይኖርስ ትሄድ ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እነዚህን ፊልሞች የልጄን ዓመት እንደሚያሳይ መስኮት ልያቸው፣ ወይስ እንደ ልብ ወለድ? በሙያው ያላችሁ፣ ወይም ያን ዓመት በቅርቡ ያሳለፋችሁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ የፊልም አርታኢ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት መተዳደሪያዬ የቪዲዮ ቅንብር ነው። የልጅዎ ጥያቄ እኛ በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ስንከራከርበት የምንውለው ጥያቄ ነውና ሳነበው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ለ«አሜሪካን ቲን» የተቀረጸው ጥሬ ምስል ወደ 1,000 ሰዓት ይደርሳል፤ በሲኒማ የታየው ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም። ልጆቹ የኖሩትን እንተወውና፣ ከተቀረጸው እንኳ ለተመልካች የደረሰው ከ600 ሰዓት አንዱ ያህል ነው ማለት ነው። የትኛው ይግባ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የሚወስነው እንደ እኔ ያለ ሰው ሲሆን፣ ጠብና ዕንባ ሲገቡ፣ አንድ ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ሲያይ የዋለበት እሑድ ይቀራል። ለዚያ ልጅ ግን ያ እሑድ ከጠቡ ይልቅ የዓመቱን መልክ የያዘ ሊሆን ይችላል።

ከመቁረጥ በፊት ደግሞ መምረጥ አለ። በዚያ ፊልም ውስጥ ስኮላርሺፕ ካላገኘ ኮሌጅ የመግባት ዕድሉ የሚጠብበት ስፖርተኛ፣ የሐኪም ልጅ የሆነችው የክፍሉ ንግሥት፣ ከሰው የማትገጥመው አርቲስትና ዓይናፋሩ ሙዚቀኛ አሉ፤ የማስታወቂያው ፖስተርም እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን «ዘ ብሬክፈስት ክለብ» የተባለውን ልብ ወለድ ፊልም አስመስሎ የተሠራ ነው። ተመልካቹ ከልብ ወለድ የሚያውቃቸውን ገጸ ባሕርያት እንዲያገኝ ተጋብዞ ገባ ማለት ነው፤ ከአራቱ አንዱንም የማይመስል ተማሪ በዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት እንደነበረ ከፊልሙ ማወቅ አይቻልም።

ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ላሳይዎት። አባት ልጁን ሲቆጣ የሚታይበት ትዕይንት አለ እንበል። የአባትየው ድምፅ እየተሰማ የልጁ ፊት ይመጣል፤ ልጁ አንገቱን ይደፋል፤ ተመልካቹ አንጀቱ ይንሰፈሰፋል። ልጁ አንገቱን የደፋው ግን በዚያ ደቂቃ ላይሆን ይችላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። በቀረጻው ቦታ አንድ ካሜራ ብቻ ከነበረና የሁለት ሰዎች ፊት ያለ አንዳች ክፍተት እየተፈራረቀ ከታየ፣ ከሌላ ሰዓት የተወሰደ ምስል እንደገባበት ይጠርጥሩ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ አንድን ልጅ ያላዘነበት ነገር ላይ አሳዝኜዋለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

«ሁፕ ድሪምስ» የተሻለ የታመነበት ምክንያት አለው። አዘጋጆቹ ሲነሡ ያሰቡት ለሕዝብ ቴሌቪዥን የሚሆን የግማሽ ሰዓት አጭር ፊልም ነበር፤ ወደ አምስት ዓመት ገደማ ቆዩና 250 ሰዓት ያህል ቀረጹ፤ ከዚያም ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም ወጣው። አምስት ዓመት ሙሉ ለካሜራ ብሎ ሌላ ሰው ሆኖ መኖር ከባድ ነው፤ ታሪኩ ወዴት እንደሚያመራም ቀራጮቹ አስቀድመው የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ሆኖም እዚያም ውስጥ ያልታየ ነገር አለ። የአንደኛው ልጅ ቤተሰብ መብራት ተቆርጦበት በጨለማ ሲቀመጥ እናያለን፤ መብራቱ እንዲመለስ ቀራጮቹ በገንዘብ እንደረዱ ግን ፊልሙ አይነግረንም። መርዳታቸውን አልነቅፍም፤ ሰው ናቸውና ሌላ ሊያደርጉ አይገባም ነበር። ነገር ግን ያ ቤተሰብ ከካሜራው ጋር ሲኖርና ያለ ካሜራው ሲኖር ሕይወቱ አንድ እንዳልነበረ ያሳያል፤ የልጅዎ ጥያቄም ይኸው ነው።

ተራኪም ቃለ መጠይቅም የሌለበት ፊልም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ፍሬድሪክ ዋይዝማን በ1968 በፊላደልፊያ ኖርዝኢስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀረጸው «ሃይ ስኩል» አንድም የማብራሪያ ድምፅ የለውም። የሚያበቃው ግን ርዕሰ መምህርቷ ወደ ቬትናም የሄደ የቀድሞ ተማሪ የጻፈውን ደብዳቤ በኩራት ስታነብ ነው። ደብዳቤው መጨረሻው ላይ በመቀመጡ፣ ቀደም ብለን ያየነው ሁሉ፣ ጂምናስቲኩም ተግሣጹም፣ ወታደር ለማውጣት የተደረገ ዝግጅት ሆኖ ይታየናል። ደብዳቤው እውነት ነው፣ ንባቡም እውነት ነው፤ ቦታውን የመረጠው ግን ዋይዝማን ነው።

ስለዚህ መስኮትም ልብ ወለድም ናቸው አልልዎትም። እንደ አንድ አስተዋይ ጎረቤት ምስክርነት ይቀበሏቸው፤ ጎረቤት ያየውን ይናገራል፣ በየትኛው በር ቆሞ እንዳየ ግን መጠየቅ አለበት።

መልስ፦ መምህር ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ ከላይ የተሰጠው መልስ ጥሩ ነው፤ እኔ የምጨምረው ከአገር ቤት ነው። ለብዙ ዓመታት 12ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬያለሁ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ ከዚያ ብዙ አልራቀም። በዚያን ጊዜ ካየኋቸው የቴሌቪዥን ዝግጅቶች የማስታውሰው ግን ተማሪዎችን ጭነው የሚሄዱትን አውቶቡሶች፣ ልጆቻቸውን የሚሸኙ ወላጆችንና፣ በኋላ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች በአበባ ተከብበው ሲናገሩ ነው። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር።

በዚያው ዓመት ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ጥያቄ ሳትጠይቅ የማትወጣ ተማሪ ነበረችኝ። እናቷ እንደነገረችኝ፣ ውጤቷን በስልክ ካየች በኋላ ስልኩን ለታናሽ እኅቷ መልሳ ሰጥታ፣ ምንም ሳትናገር ዕቃ ልታጥብ ገባች። ዕቃው ታጥቦ አልቆ ሳለ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ያን ቤት ያንኳኳ ካሜራ የለም፤ ከ100 ተማሪ የ97ቱ ያህል ዓመት ያለቀው ግን በእንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ነው። ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎችን የምለምነው ውጤት በወጣ ማግስት ሳይሆን፣ ከሁለት ወር በኋላ እንዲህ ያሉ ቤቶችን እንዲያንኳኩ ነው።

መልስ፦ ተመራቂዋ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ልጅዎ እኔን ትመስለኛለች። እኔም የሜሪላንድ ልጅ ነኝ፤ የመጨረሻ ዓመቴ ላይ ቀራጮች ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው ጥቂቶቻችንን ለተወሰኑ ወራት ተከታትለውን ነበር። የመረጡኝ እናቴ ሌሊት ስለምትሠራና ከቤታችን ኮሌጅ የምገባው የመጀመሪያዋ እኔ ስለምሆን ይመስለኛል። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ስለ እናቴ በአክብሮት ይናገሩ ነበር።

ከኮሌጁ መልስ የመጣ ዕለት በምሳ ሰዓት ስልኬን ከፍቼ መቀበላቸውን አየሁ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ከዚያም ለእናቴ ደወልኩላት፤ ከእንቅልፏ ተነሥታ እልል አለች። ማታ ቀራጮቹ መጡና፣ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ መልሱን አሁን እንደማየው ሆኜ እንድከፍተው ጠየቁኝ። ከፈትኩት። እናቴም እልልታዋን ደገመችው። ደስታችን ውሸት አልነበረም፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ ነበር። በፊልሙ ላይ ያለው ያ ሁለተኛው ነው፤ አሁን ያን ቀን ለማስታወስ ስሞክር ቀድሞ የሚመጣብኝ ጠረጴዛው እንጂ መጸዳጃ ቤቱ አይደለም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ያልቀረጹትን ልንገርዎት። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ ቅጽ ስሞላ የአባቴን የግብር ወረቀት መስመር በመስመር እየተረጎምኩለት አራት ማታ ተቀምጠናል፤ የሚያገኘውን ገንዘብ በቁጥር ያወቅኩት ያኔ ነው፤ እሱም አፍሮ ወደ መስኮቱ ይመለከት ነበር። ለካሜራ አይሆንም፤ ሁለት ሰው ወረቀት ላይ አጎንብሶ ከመቀመጥ ሌላ የሚታይ ነገር የለበትም። ለእኔ ግን 12ኛ ክፍል ያ ነው።

ደግሞም የሚቆርጡን እነሱ ብቻ አይደሉም። ለኮሌጅ የሚላከው ድርሰት ከ650 ቃል መብለጥ የለበትም፤ በዚያ ውስጥ ራሳችንን እንድናስረዳ እንጠየቃለን፤ ብዙዎቻችን ስለ ስደትና ስለ ወላጆቻችን ድካም የጻፍነው አንባቢው ያን እንደሚፈልግ ስለተነገረን ነው። እኔ የጻፍኩት ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ ቤታችን ውስጥ የሚሳቀውን ሳቅ ግን አንድም ቦታ አላስገባሁትም። ልጅዎ ድርሰቷን ጽፋ ከሆነ፣ ፊልሞቹን ከማየትዎ በፊት የተወችውን ይጠይቋት።

ከፊልሞቹ ለእኛ ኑሮ የቀረበ የመሰለኝ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዴቢ ለም «ትራይ ሃርደር» ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ሎዌል ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኮሌጅ ማመልከቻ ሲጽፉና መልስ ሲጠብቁ ያሳያል፤ አብዛኞቹ ከእስያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፤ የወላጅና የልጅ ንግግሩን ስሰማ የእኛን ቤት መስሎኝ ነበር። መጠበቁን አልቆረጠውም።

ጠያቂው፦ አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አርታኢው ወንድሜ ስለ ጫማው ክር የጻፍከውን ለልጄ አነበብኩላት፤ «ይኸውልህ!» አለችኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት ያህል አወራችኝ፤ ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር። መምህር፣ ስለ ተማሪዎ የጻፉት ከአእምሮዬ አልወጣም።

ልጄ፣ አንቺ ያልሽውን ትናንት ማታ ጠየቅኳት። ከድርሰቷ የተወችው ነገር ምን እንደሆነ ወዲያው አልነገረችኝም፤ ነገር ግን ፋፍሳውን ከጀመረች ሦስት ሳምንት እንደሆናትና፣ የእኔን ክፍል ባዶ ትታ እንደቆየች ነገረችኝ። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ከሥራ ደክመህ ስለምትገባ» አለችኝ። የሁለቱንም ሥራ የግብር ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን እንቀመጣለን። «ትራይ ሃርደር»ን ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር ማየት እፈልጋለሁና፣ በየትኛው ቦታ እንደሚገኝ የምታውቁ ብትጽፉልኝ።