«ዱሪበ»፣ «ጁሉስ»፣ «ቤሳ»፦ የድሮ ሳንቲም ቃላት በአማርኛ

ፊደለኛው፦ በድሮ የዐረብና የህንድ ሳንቲሞች ላይ የሚደጋገመውን «ዱሪበ» በአማርኛ ምን እንበለው? «ታተመ»፣ «ተቀረጸ» ወይስ «ተጠረበ»? የጠየቅሁት ስለ አንድ የብር ሩፒ ነው፤ 11.6 ግራም ይመዝናል፣ ጠርዙ ዙሪያውን ዘንበል ያለ ጥርስ አለው፣ በአንዱ ገጽ 19 የሚል ቁጥር ይነበባል።

ቀለም ቀንድ፦ «ተመታ» ይበሉት። የቃሉም ትርጉም የሥራውም ጠባይ ይኸው ነው። አንዱ የማኅተም ብረት ከታች ይተከላል፣ ክብ የብር ጥፍጥፍ በላዩ ይቀመጣል፣ ሁለተኛውን ማኅተም ደግነው በመዶሻ ያሳርፉበታል። ያ የማኅተም ብረት በዐረብኛ «ሲካ» ነው፤ ብዙ የህንድ ሩፒ «ሲካ ሙባረክ» የሚለውም ከዚሁ የመጣ ነው። «ታተመ» ወረቀት ወረቀት ይሸታል። «ተጠረበ» ደግሞ ፍቅፋቂ የወደቀ ያስመስላል፤ ሳንቲም ሲመታ ግን ከብሩ የሚጎድል የለም።

ሳንቲሙን ለመለየትም መነሻው ይህ ቃል ነው፣ ምክንያቱም የከተማው ስም ከእሱ አይርቅም። በኦቶማን ሳንቲም «ዱሪበ ፊ» ካለ ቀጥሎ ያለው ቦታው ነው፤ «ምስር» ከሆነ ካይሮ። በህንድ እነዚያው ሦስት ፊደሎች በፋርስኛ «ዘርብ» ተብለው ይነበባሉ፣ የመጨረሻዋም «ብ» እንደ ጀልባ ተለጥጣ ሳንቲሙን ከዳር እስከ ዳር ታቋርጠዋለች። መጀመሪያ ያችን ረጅም መስመር አግኝተው አግድም ያስተኟት። የሙጋል፣ ማለት ህንድን የገዙት የእስላም ነገሥታት፣ ማኅተም ከጥፍጥፉ ስለሚሰፋ የከተማው ስም ብዙ ጊዜ ግማሹ ከሳንቲሙ ውጭ ይቀራል፤ ጽሑፉ ጎደለ ብለው ሐሰተኛ ነው አይበሉ።

ዘመን ቆጣሪ፦ በ19 ላይ ልጨምር። አጠገቡ «ጁሉስ» የሚል አለ። ቃል በቃል «መቀመጥ» ነው፣ በዙፋን መሆኑ ነው፤ በእኛ የነገሥታት ዜና መዋዕል ቋንቋ «በነገሠ በ19ኛው ዓመት»። ንጉሡ የሙጋሉ ዳግማዊ ሻህ ዓለም ነው። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የእንግሊዙ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በቤንጋል ይህን 19 ሳይለውጥ ለብዙ ዓመታት መትቶበታል። በመዶሻ የተመታ ሩፒ ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ጥርስ ያለው ከማሽን የወጣ የኩባንያው ሥራ ነው። ስለዚህ የርስዎ ሳንቲም በ19ኛው ዓመት አልተመታም፣ ከዚያ በኋላ ነው።

ፊደለኛው፦ ቁጥሩን ገልብጬ አንብቤው ቢሆንስ?

ዘመን ቆጣሪ፦ ጥሩ ጥርጣሬ ነው። በሳንቲሞቹ ላይ ባለው የዐረብ ቁጥር አጻጻፍ 7 አፉን ወደ ላይ የከፈተ ሹካ ነው፣ 8 ወደ ታች፤ ሳንቲሙ ከተዘቀዘቀ ሁለቱ ይለዋወጣሉ። 5 ክብ ቀለበት ነው፣ እኛ ዜሮ እንለዋለን፤ የእነሱ ዜሮ ነጥብ ብቻ ነው። 2 እና 3 የሚለዩት በጥርሳቸው ቁጥር ነው። ጽሑፉ ከቀኝ ቢነበብም ቁጥሩ ከግራ ነው የሚነበበው።

በሳንቲሙ ላይ የሚጻፈውን የሂጅራ (የእስላም አቆጣጠር) ዓመት ወደ እኛ ዘመን ለማምጣት በ0.97 አባዝተው 614 ይደምሩ፤ ለፈረንጆቹ 622። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳልና ዝም ብሎ መደመር አያስኬድም። በኦቶማን ሳንቲም ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ሱልጣኑ የነገሠበት ነው፣ ትንሹ የንግሥናው ዓመት። 1223 እና 25 ካለ 1223+25−1፣ ማለት 1247 ሂጅራ፣ በእኛ 1824 ዓ.ም. ገደማ ይሆናል።

ምሥጢረ ቃል፦ የጥንቶቹ የኡመያ (የቀደሙት የእስላም ከሊፋዎች ሥርወ መንግሥት) ሳንቲሞች ግን ቁጥር የላቸውም፣ ዓመቱ በፊደል ነው፣ ያውም አንድ ቤቱ ቀድሞ፦ «ተስዕ ወሰብዒን»። ግዕዝ ያነበበ ሰው «ሰብዓ ወተስዐቱ»ን ገልብጦ ያየዋል፣ 79 ነው። ዓይነቱንም ራሱ ሳንቲሙ ይናገራል፤ «ይህ ድርሃም» ይላል የብሩ፣ «ይህ ዲናር» የወርቁ። ሚዛኑም አለ፤ ዲናር 4.25 ግራም፣ ድርሃም 2.9 አካባቢ። የሩፒ ሩብም ወደ 2.9 ይጠጋል፣ ድርሃሙ ግን ሰፊና ስስ ነው፣ የሩፒው ሩብ ትንሽና ወፍራም።

ቀለም ቀንድ፦ ሁለቱንም ቃላት ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቃቸዋለን። የወይኑ አትክልት ሠራተኞች በቀን አንድ ዲናር ተስማሙ፤ ሴቲቱ አሥር ድሪም ነበራት። ዲናር ከሮማውያን፣ ድርሃምና ድሪም ከግሪኩ ድራክማ ናቸው።

ፊደለኛው፦ «ቤሳ የለኝም» የምንለውስ?

ምሥጢረ ቃል፦ እሱ ህንዳዊ ነው። የሩፒ 64ኛ እጅ የሆነው «ፓይሳ» ነው፤ ዐረብኛ «ፓ» ስለሌለው «ባይሳ» ሆነ፣ በቀይ ባሕርና በህንድ ውቅያኖስ ንግድ ዞሮ እኛ ዘንድ «ቤሳ» ተባለ። በምኒልክ ገንዘብ የብር 32ኛ እጅ ነበር። ኦማኖች ዛሬም ሪያላቸውን በ1,000 ባይሳ ይመነዝራሉ።