ከጨረር በኋላ ጡት ማሠራት፦ ከሆድ፣ ከጀርባ ወይስ በሲሊኮን?

እንደምን ሰነበታችሁ እህቶቼ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። በካንሰር ምክንያት የግራ ጡቴ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ኬሞቴራፒውንም፣ አዲስ አበባ ሄጄ ጨረሩንም ጨርሻለሁ፤ አሁን የምወስደው ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠውን ታሞክሲፌን የተባለ ክኒን ብቻ ነው።

ጡት መልሶ ስለመሥራት ሐኪሜ ሦስት መንገድ ነግሮኛል። ሲሊኮን የማስገባቱ ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ ሆኖም ጨረር ያረፈበት ቆዳ እንደ ልብ ስለማይለጠጥ በሲሊኮኑ ዙሪያ ጠባሳው ጠንክሮ ጡቱን ሊያጨማድደው ይችላል። ከሆድ ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ ወስዶ መትከል ልቤን ስቦታል፤ ግን ረጅም ሰዓትና ጥቃቅን ደም ሥር መስፋት የሚችል ባለሙያ ይጠይቃል። ልጆቼንም የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው፤ ያ ጠባሳ ያግደኝ ይሆን? ሦስተኛው መንገድ ከጀርባ ነው፤ የጀርባ ጡንቻ ቢወሰድ ክንዴ ይደክም ይሆን? የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነው፤ የሊጥ ባልዲ ማንሳት አለብኝ።

ለጊዜው ጥጥ በካልሲ ጠቅልዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ እከታለሁ። ምጣዱ ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር ወደ አንገቴ ይወጣል። አማቴ «ነፍስሽ ተርፋ ምን ጎደለሽ?» ይሉኛል። ለእርሳቸው መልስ መስጠት ትቻለሁ።

ከጨረር በኋላ ያሠራችሁ ካላችሁ፣ ምን ያህል ጊዜ ጠበቃችሁ? ታሞክሲፌኑ ደም ያረጋል ተብሎ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተቋርጦ ነበር? ከጀርባ ያሠራችሁስ ክንዳችሁ ለሥራ እንደ በፊቱ ሆነ? ከውጭ የሚደረገው፣ ክብደት ያለው ሰው ሠራሽ ጡት ጎንደር ወይም ባሕር ዳር የሚገኝበትን የምታውቁም ብትጠቁሙኝ፤ ጥጡ አስመርሮኛል።